ዝቅ ያለ የቤዝመንት ጂፕሰም ኮርኒስ

ዝቅ ያለ የቤዝመንት ጂፕሰም ኮርኒስ ማለት ከመሬት ወለል በታች በሚገኝ የቤት ክፍል (ቤዝመንት) ውስጥ፣ የላይኛውን ወለል ከሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ሥር አዲስ የእንጨት ወይም የብረት ፍሬም ተሠርቶ በጂፕሰም ቦርድ የሚሸፈን ኮርኒስ ነው። ይህ አሠራር በብዛት የሚታየው በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ነው። በእነዚህ አገሮች አብዛኞቹ የመኖሪያ ቤቶች ከእንጨት የሚሠሩ ሲሆን፣ በሥራቸው ያለው ቤዝመንት ማሞቂያውን፣ የአየር ቱቦዎችን፣ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧዎችን እንዲሁም የኤሌክትሪክ ገመዶችን ይይዛል። ኮርኒሱ ዝቅ የሚደረገው እነዚህን ለመሸፈን፣ ወለሉ ሲያዘነብል ወይም ሲጎብጥ ቀጥ ያለ ገጽታ ለማግኘት፣ ወይም ከላይ የሚመጣውን ድምፅ ለመቀነስ ነው።

ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም ሦስት ነገሮችን በቀጥታ ይነካል። እነሱም ክፍሉ በሕግ ለመኖሪያ የሚፈቀድ መሆኑ፣ በእሳት ጊዜ የነዋሪው ደህንነት፣ እና ከኮርኒሱ በላይ የተቀበሩ ቧንቧዎችና ገመዶች ሲበላሹ መድረስ መቻሉ ናቸው።

ስያሜ

«ኮርኒስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው። በጣልያንኛ ቃሉ ክፈፍን ወይም የግድግዳ ጠርዝ ጌጥን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ከጣሪያ ወይም ከሶለታ በታች ያለውን የክፍል የላይኛ ሽፋን በሙሉ ያመለክታል። «ጣሪያ» የሚለው ቃል ቤቱን ከዝናብ ለሚከልለው የውጭ ክዳን ስለሚውል ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

ጂፕሰም ቦርድ በሰሜን አሜሪካ «ድራይዎል» ይባላል፤ «ሺትሮክ» የሚለው የንግድ ስምም በዕለት ንግግር እንደ ዕቃው መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። «ቤዝመንት» በአማርኛ «ምድር ቤት» ቢባልም፣ «ምድር ቤት» አንዳንድ ጊዜ ከፎቅ በታች ያለውን የመሬት ወለልም ስለሚያመለክት በዚህ ጽሑፍ የተመረጠው «ቤዝመንት» ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የሚጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው።

ታሪክ

ጂፕሰም ቦርድ ከመምጣቱ በፊት በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳና ኮርኒስ የሚሠራው ቀጫጭን የእንጨት ጣውላዎች ተራርቀው ከተመቱ በኋላ በላያቸው ላይ ልስን በማልበስ ነበር። ልስኑ በተለያዩ ንብርብሮች የሚደረግና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ስለነበረ ሥራው ሳምንታት ይወስድ ነበር። ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 ጂፕሰምን በወረቀት ንብርብሮች መካከል በማድረግ ለሚሠራ ሰሌዳ የፈጠራ መብት አገኘ። ዩናይትድ ስቴትስ ጂፕሰም የተባለው ኩባንያ የሳኬትን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1909 ገዛ። ቦርዱ በሰፊው የተለመደው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ ቤቶችን በፍጥነትና በአነስተኛ ጉልበት መሥራት ባስፈለገበት ጊዜ ነው።

ጂፕሰም ራሱ ውኃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማ የሚሆነው በኬሚካል የታሰረ ውኃ ነው። እሳት ሲነካው ይህ ውኃ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ሙቀቱን ስለሚወስድ፣ ከቦርዱ ጀርባ ያለው እንጨት ለመቀጣጠል ጊዜ ይወስድበታል። ቦርዱ ለኮርኒስ ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቁመት ገደብ

ኮርኒስ ዝቅ ከማድረግ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል ቁመት እንደሚቀር ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መሠረት የሚሆነው ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ኮድ የሚከተሉትን ዝቅተኛ ቁመቶች ያስቀምጣል፦

- መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ሌላ የመኖሪያ ክፍል እንዲሁም መተላለፊያ፦ 7 ጫማ (2134 ሚሜ)
- መታጠቢያ ቤት፣ መጸዳጃና የልብስ ማጠቢያ ክፍል፦ 6 ጫማ ከ8 ኢንች (2032 ሚሜ)
- በቤዝመንት ውስጥ በቢም፣ በአየር ቱቦ ወይም በመሰል መሰናክል ሥር፦ 6 ጫማ ከ4 ኢንች (1931 ሚሜ)

ቁመቱ የሚለካው ካለቀለት ወለል እስካለቀለት ኮርኒስ ነው። ስለዚህ የወለል ንጣፉም የቦርዱም ውፍረት ከስሌቱ ይቀነሳል። እያንዳንዱ ግዛት፣ አውራጃ ወይም ከተማ ኮዱን አሻሽሎ ሊያጸድቅ ስለሚችል የመጨረሻው ቃል የአካባቢው የሕንፃ ቢሮ ነው። ካናዳ ደግሞ የራሷ ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ አላት።

የስሌት ምሳሌ

ከኮንክሪቱ ወለል እስከ አግዳሚዎቹ የታችኛ ጠርዝ 2286 ሚሜ (7 ጫማ ከ6 ኢንች) የሆነ ቤዝመንት እንውሰድ። የወለል ንጣፉ 12 ሚሜ፣ ቦርዱ 13 ሚሜ ውፍረት አላቸው። በክፍሉ መካከል ከአግዳሚዎቹ በታች 203 ሚሜ የሚወርድ የአየር ቱቦ ያልፋል።

በመጀመሪያው አማራጭ 89 ሚሜ ቁመት ያለው እንጨት ከአግዳሚዎቹ ሥር ቆሞ ይሠራል። የሚቀረው 2286 − 12 − 89 − 13 = 2172 ሚሜ ነው። ይህ ከ2134 ሚሜ በ38 ሚሜ ይበልጣልና ያልፋል። የአየር ቱቦው ግን ከዚህ ፍሬም በታች ወጥቶ ይታያል።

በሁለተኛው አማራጭ ኮርኒሱ በሙሉ ከቱቦው በታች ይወርዳል። ከቱቦው ሥር 13 ሚሜ ክፍተትና 38 ሚሜ ውፍረት ያለው እንጨት ሲታሰብ 2286 − 12 − 203 − 13 − 38 − 13 = 2007 ሚሜ ይቀራል። ይህ ለመኖሪያ ክፍል ከሚፈቀደው በ127 ሚሜ ያንሳል፤ ክፍሉም በሕግ መኝታ ቤት ወይም ሳሎን መሆኑ ያበቃል።

በሦስተኛው አማራጭ ኮርኒሱ በመጀመሪያው ቁመት ላይ ሆኖ ቱቦው ብቻ በሳጥን ይሸፈናል። በሳጥኑ ሥር የሚቀረው ያው 2007 ሚሜ ነው፤ ነገር ግን ለመሰናክል የተፈቀደው 1931 ሚሜ ስለሆነ ይህ ያልፋል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ቤዝመንቶች ኮርኒሱን በሙሉ ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ክፍሉን ከፍ አድርጎ ቱቦዎችንና ቢሞችን ለየብቻ በሳጥን መሸፈን የተለመደ ነው።

ከሥራው በፊት የሚደረግ ምርመራ

ፈቃድ። በብዙ ቦታዎች ቤዝመንትን ወደ መኖሪያነት መለወጥ የሕንፃ ፈቃድ ይጠይቃል። ፍሬሙ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራው በቦርድ ከመሸፈኑ በፊት በመርማሪ ይታያል። ሳይታይ የተሸፈነ ሥራ እንዲከፈት ሊታዘዝ ይችላል። ቤዝመንታቸውን ለማከራየት የሚያስቡ ባለቤቶች ደግሞ የቁመት፣ የማምለጫ መስኮትና የእሳት መከላከያ ጉዳዮችን ቦርዱ ከመሰቀሉ በፊት ማረጋገጥ አለባቸው፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ በላይ ያስወጣል።

እርጥበት። ጂፕሰም ቦርድ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ወረቀቱም ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የሚያንጠባጥብ የፍሳሽ ቧንቧ ወይም ከላይኛው መታጠቢያ ቤት የሚመጣ ፍሳሽ አስቀድሞ መጠገን አለበት። የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧዎች በበጋ ላብ ስለሚያወጡ በአረፋ መሸፈኛ ይጠቀለላሉ።

አሮጌ ሽፋን። ቤዝመንቱ ቀድሞ ኮርኒስ ካለው፣ በተለይ ቤቱ ከ1980 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በአሮጌው ሽፋን ወይም በመገጣጠሚያው ስቱኮ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። አስቤስቶስ ያለበት የግድግዳ መሙያ በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም ደግሞ በ1978 ታግዷል። ሽፋኑ ከመፍረሱ በፊት ናሙናው በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ አስቤስቶስ ከተገኘ ማፍረሱ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ነባሩን ሽፋን ሳያፈርሱ በላዩ ላይ አዲስ ፍሬም ማሰር ይቻላል። ይህም አቧራንና የማፍረስ ወጪን ይቀንሳል። ሆኖም የአሮጌው ቦርድ ክብደት በአግዳሚዎቹ ላይ ይቀራል፤ ከበላዩ ያለውን ቧንቧና ገመድ ማየትም አይቻልም። አዲሱ ፍሬም የሚታሰረውም በአሮጌው ቦርድ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ባለው እንጨት ላይ ነው።

ተሸካሚ ክፍሎች። ቁመት ለማትረፍ ሲባል አግዳሚ እንጨት መጥረብ ወይም የብረት ምሰሶ ማንሳት አደገኛ ነው። በኮዱ መሠረት በጠንካራ የእንጨት አግዳሚ ጠርዝ ላይ የሚደረግ ጠረባ ከአግዳሚው ቁመት አንድ ስድስተኛ መብለጥ የለበትም፤ በርዝመቱ መካከለኛ አንድ ሦስተኛ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ቀዳዳ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ ከላይኛውም ከታችኛውም ጠርዝ ቢያንስ 51 ሚሜ መራቅ አለበት። በፋብሪካ የተሠሩ፣ የ«አይ» ፊደል ቅርጽ ያላቸው አግዳሚዎች ከሆኑ የላይና የታች ክንፋቸው ፈጽሞ አይነካም።

የፍሬም ዓይነቶች

በቀጥታ መምታት። አግዳሚዎቹ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑና ከሥራቸው ምንም የማይወርድ ከሆነ ቦርዱ በቀጥታ ይመታባቸዋል። ከሁሉም ያነሰ ቁመት የሚወስደው ይህ ነው።

ቀጭን እንጨት ማንጠፍ። አግዳሚዎቹ ከፍና ዝቅ ካሉ ቀጫጭን እንጨቶች በአግድም ይመታሉ፤ ክፍተት ባለበት ሽብልቅ እየገባ መስመሩ ይስተካከላል። ይህ ከ19 እስከ 38 ሚሜ ያህል ይወስዳል። ትናንሽ ገመዶችና ቧንቧዎች በክፍተቱ ውስጥ ሊያልፉ ይችላሉ።

ራሱን የቻለ የእንጨት ፍሬም። አዲሶቹ የኮርኒስ አግዳሚዎች በግድግዳዎቹ ላይ ብቻ ያርፋሉ፤ ከላይኛው ወለል ጋር አይገናኙም። የላይኛው ወለል ሲረገጥ የሚፈጠረው ንዝረት በቀጥታ ወደ ኮርኒሱ ስለማይተላለፍ ለድምፅ መከላከል ጥሩ ነው። ነገር ግን በ2 በ 4 እንጨት ረጅም ክፍል መሻገር አይቻልም፤ የሚፈቀደው ርዝመት በእንጨቱ ዓይነት፣ ደረጃና ርቀት ስለሚለያይ ከኮዱ ሰንጠረዥ ይወሰዳል። «2 በ 4» የሚባለው እንጨት ትክክለኛ መጠኑ 38 በ 89 ሚሜ ነው።

ተንጠልጣይ የብረት ፍሬም። ከላይኛዎቹ አግዳሚዎች ሽቦ ይወርድና ዋና የብረት ሐዲዶች ይያያዙበታል፤ በመካከላቸው ተሻጋሪ ሐዲዶች ይገጠማሉ። ሽቦዎቹ ብዙውን ጊዜ በ1220 ሚሜ ርቀት ይደረደራሉ። ብረት አይጣመምም፣ አይቃጠልም፣ በእርጥበትም አያብጥም። በሽቦው አማካይነት ቁመቱን ማስተካከል ቀላል ስለሆነ ጎባጣ ወለል ባላቸው አሮጌ ቤቶች ውስጥ ሥራውን ያፋጥናል።

የፍሬም አሠራር

መጀመሪያ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የወረደው ነገር ይፈለጋል፤ የአዲሱ ኮርኒስ ቁመትም በእሱ ይወሰናል። የቤዝመንት ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ስለሚያዘነብል ከወለል እየለኩ ምልክት ማድረግ ኮርኒሱንም ያዘነብላል። ስለዚህ በሌዘር ወይም በውኃ ቱቦ በክፍሉ ዙሪያ አንድ አግድም መስመር ይሰመራል፤ ሌላው ልኬት ሁሉ ከዚያ መስመር ይወሰዳል። የሕጉ ቁመት የሚፈተሸው ወለሉ ከፍ ባለበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ በመስመሩ ላይ በግድግዳው ዙሪያ የዳር እንጨት ይታሰራል። ግድግዳው በቦርድ የተሸፈነ ከሆነ ብሎኑ ቦርዱን አልፎ ከጀርባ ባለው ቋሚ እንጨት ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳው ኮንክሪት ከሆነ የኮንክሪት ብሎን ያስፈልጋል፤ ኮንክሪት የሚነካው እንጨትም እርጥበት እንዳያበሰብሰው በኬሚካል የታከመ መሆን አለበት።

የኮርኒሱ አግዳሚዎች ከመካከል እስከ መካከል በ406 ሚሜ (16 ኢንች) ርቀት ይደረደራሉ። ይህ ቁጥር የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ቦርዱ 1220 ሚሜ ስፋትና 2440 ሚሜ ወይም ከዚያ የበለጠ ርዝመት አለው፤ 406 ለሁለቱም ስለሚያካፍል የቦርዱ ጫፍ ሁልጊዜ በእንጨት መካከል ላይ ይውላል። አቆጣጠሩ መጀመር ያለበት ከአንድ ግድግዳ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ከተጀመረ በመካከል ላይ አይገናኝም። እያንዳንዱ አግዳሚ ከመታሰሩ በፊት በዓይን እየታየ ጠማማው ይለያል።

ርዝመቱ ከሰንጠረዡ ካለፈ ከላይኛው ወለል አጭር ማንጠልጠያ እንጨት ይወርድና መካከሉን ይደግፋል። ይህ ጥንካሬ ቢሰጥም ድምፅ የሚያስተላልፍ መንገድ ስለሚሆን፣ ዋናው ዓላማ ድምፅ መከላከል ከሆነ ወፍራም እንጨት መምረጥ ይሻላል።

የአየር ቱቦውና የቢሙ ሳጥን ከዋናው ፍሬም ጋር አብሮ ይሠራል። በሁለቱም ጎን መሰላል የመሰለ ቀጭን ፍሬም መሬት ላይ ተገጣጥሞ ይሰቀላል፤ ከዚያም ከሥር በአግዳሚ ቁራጮች ይያያዛል። ፍሬሙ የብረት ቱቦውን እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ካልሆነ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ቱቦው ሲለጠጥ ይንኳኳል።

በኮሎራዶ እንዳለው ያለ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ አፈር ባለበት አካባቢ የቤዝመንት ወለል ሊነሳ ይችላል። እዚያ የቤዝመንት ግድግዳዎች ከላይ ተንጠልጥለው ከሥር ክፍተት ይተውላቸዋል። በእንዲህ ዓይነት ቤት የኮርኒሱ ፍሬም ይህን ክፍተት በማይዘጋ መንገድ መሠራት አለበት።

ቦርዱ ከመሰቀሉ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ፍተሻ

ከተሸፈነ በኋላ ለመመለስ የሚያስቸግሩ ነገሮች በዚህ ደረጃ ይፈተሻሉ፦

- የኤሌክትሪክ ገመድ መገጣጠሚያ ሳጥኖች ሁሉ የሕንፃው አካል ሳይፈርስ የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ የተሸፈነ ሳጥን አይፈቅድም፤ ወደ አዲሱ ኮርኒስ ገጽ መውረድ ወይም የመፈተሻ በር ማግኘት አለባቸው።
- ገመዱ ያለፈበት ቀዳዳ ከእንጨቱ ጠርዝ ከ32 ሚሜ ያነሰ ርቀት ካለው፣ ብሎን እንዳይወጋው 1.6 ሚሜ ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ይመታበታል።
- የውኃና የጋዝ መዝጊያ ቫልቮች፣ የፍሳሽ ቧንቧ መጥረጊያ ቀዳዳዎችና የአየር ቱቦ መቆጣጠሪያዎች በር ይሠራላቸዋል። ቧንቧ ሲፈነዳ ቫልቩን ፍለጋ ኮርኒስ መስበር ከጥገናው በላይ ያስከትላል።
- ከጋዝ ማሞቂያ የሚወጣው የጭስ ቱቦ ከእንጨት መራቅ አለበት። ባለ ሁለት ግድግዳ የጋዝ ጭስ ቱቦ ቢያንስ 25 ሚሜ ይርቃል፤ ባለ አንድ ግድግዳው ከዚያ በላይ። የማሞቂያው ክፍል ሲዘጋም ለማቃጠያ የሚያስፈልገው አየር መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊፈጠር ይችላል።
- የጣሪያ ማራገቢያ የሚሰቀል ከሆነ ሳጥኑ ለማራገቢያ ክብደትና ንዝረት የተፈቀደ መሆን አለበት።
- በመጨረሻ እያንዳንዱ አግዳሚ መካከል ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳል። ፎቶዎቹ ከዓመታት በኋላ ቧንቧው የት እንዳለፈ ለማወቅ ያገለግላሉ።

ቦርድ አሰቃቀል

ለኮርኒስ ሁለት ውፍረቶች የተለመዱ ናቸው። 12.7 ሚሜ (ግማሽ ኢንች) ውፍረት ያለው ቦርድ በ406 ሚሜ ርቀት ለተደረደሩ አግዳሚዎች ይበቃል፤ እንዳይጎብጥ ተብሎ ለኮርኒስ የተሠራ ዓይነትም አለ። 15.9 ሚሜ ውፍረት ያለው ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ፣ ድምፅ የሚቀንስና እሳትን ረዘም ላለ ጊዜ የሚቋቋም ነው። 1220 በ 2440 ሚሜ የሆነ መደበኛ ባለ 12.7 ሚሜ ቦርድ 23 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 15.9 ሚሜ እሳት ተከላካዩ ደግሞ 32 ኪሎ ግራም ገደማ። ከራስ በላይ ይዞ መቆም ስለሚያደክም በኪራይ የሚገኝ የቦርድ ማንሻ መሣሪያ ወይም ከ2 በ 4 የተሠራ የ«ቲ» ቅርጽ ድጋፍ ይጠቅማል።

ኮርኒሱ ከግድግዳው በፊት ይሸፈናል፤ የግድግዳው ቦርድ ከሥር ገብቶ ጠርዙን ይደግፈዋልና። ቦርዱ ከአግዳሚዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሰቀላል፤ የአጭር ጎን መገጣጠሚያዎችም በአንድ መስመር እንዳይውሉ ይፈራረቃሉ። ብሎኖች በኮርኒስ ላይ ከ305 ሚሜ ባልበለጠ ርቀት ይመታሉ፤ ወደ እንጨቱም ቢያንስ 16 ሚሜ መግባት አለባቸው። የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ በትንሹ መግባት እንጂ ወረቀቱን መቅደድ የለበትም፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ቦርዱን የሚይዘው የሚፈርሰው ጂፕሰም ብቻ ይሆናል። በግድግዳው ጠርዝ ላይ ከጥጉ 18 ሴሜ ያህል ያለ ብሎን መተው የተለመደ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅና ሲንቀሳቀስ ጥጉ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል።

መገጣጠሚያ መሙላትና ማለስለስ

በመገጣጠሚያዎች ላይ ስቱኮ ይቀባና የወረቀት ቴፕ ይለጠፍበታል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ሁለት ተጨማሪ ንብርብሮች ይደረጋሉ፣ እያንዳንዳቸውም ከቀደመው ሰፋ ይላሉ። በባልዲ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ስቱኮ ውኃው በመትነን ስለሚደርቅ በንብርብሮቹ መካከል አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ እርጥበት ባለበት ቤዝመንት ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዱቄት መልክ የሚሸጠው ግን በኬሚካል ስለሚጠነክር በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይይዛል።

የቦርዱ ረጅም ጠርዝ ሳሳ ተደርጎ ስለተሠራ ቴፑ ከገጹ ሳይወጣ ይቀበራል። አጭር ጠርዙ ግን እኩል ስለሆነ እብጠት ይታይበታል፤ ስቱኮውም ሰፊ ተደርጎ መዘርጋት አለበት። በኮርኒስ ላይ ከመስኮት በአግድም የሚገባ ብርሃን ትንሹንም እብጠት ያጎላዋል። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የሚነሳው አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ኤን95 ወይም የተሻለ ጭንብል ይደረጋል፤ የማሞቂያው አየር መመለሻም በላስቲክ ይሸፈናል።

የእሳት ደህንነት

ዝቅ ያለ ኮርኒስ ከላዩ የተደበቀ ባዶ ቦታ ይፈጥራል። እሳት በግድግዳው ባዶ ሆድ በኩል ወደዚህ ቦታ ከገባ ሳይታይ ከክፍል ወደ ክፍል ሊጓዝ ይችላል። ኮዱ ለዚህ ሁለት መከላከያ ይጠይቃል። የመጀመሪያው፣ ግድግዳው ከሳጥኑ ወይም ከዝቅተኛው ኮርኒስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በእንጨት፣ በቦርድ ወይም በማዕድን ሱፍ መዝጋት ነው። ሁለተኛው፣ በተንጠልጣይ ኮርኒስ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ከ93 ካሬ ሜትር (1000 ካሬ ጫማ) በማይበልጡ ክፍሎች እንዲከፈል ማድረግ ነው። ገመድና ቧንቧ ያለፉባቸው ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ።

ቤዝመንቱ ራሱን የቻለ ሁለተኛ መኖሪያ ሆኖ በሚመዘገብበት ጊዜ በሁለቱ መኖሪያዎች መካከል ያለው ወለልና ኮርኒስ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰዓት እሳትን መቋቋም አለበት። ለዚህ «ዓይነት ኤክስ» የሚባለው፣ በውስጡ የመስታወት ጭረት ያለው 15.9 ሚሜ ቦርድ ያገለግላል። ቦርዱ ብቻውን ግን አንድ ሰዓት አይሰጥም፤ የሚመዘነው አግዳሚው፣ ወለሉ፣ ቦርዱና ብሎኑ አንድ ላይ ሆነው በተፈተኑበት አሠራር ነው። ለመብራት የሚቆረጥ እያንዳንዱ ቀዳዳም ይህን መከላከያ ሊያዳክም ይችላል።

በቤዝመንት የሚገኝ መኝታ ቤት ቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። መስኮቱ ሲከፈት ቢያንስ 0.53 ካሬ ሜትር (5.7 ካሬ ጫማ) ክፍት ቦታ ሊኖረው፣ ከወለሉም ከ1118 ሚሜ (44 ኢንች) በላይ መራቅ የለበትም። አዲሱ ኮርኒስ ወይም ሳጥን የዚህን መስኮት አከፋፈት መከልከል የለበትም። የጭስ ማስጠንቀቂያ በእያንዳንዱ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጭና በእያንዳንዱ ወለል ላይ ይገጠማል፤ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ባለበት ቤት ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል።

ድምፅ መከላከል

ከላይኛው ፎቅ የሚመጣ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። ንግግርና ሙዚቃ በአየር የሚተላለፉ ሲሆን፣ የእግር ኮቴና የወንበር መጎተት ግን በእንጨቱ ንዝረት ይወርዳሉ። በአግዳሚዎቹ መካከል የሚሞላ የማዕድን ወይም የመስታወት ሱፍ የመጀመሪያውን ዓይነት ይቀንሳል፤ ለሁለተኛው ብቻውን ብዙም አይረዳም። ኮቴን ለመቀነስ ኮርኒሱ ከወለሉ መለየት አለበት። ይህም ራሱን በቻለ ፍሬም፣ ወይም በተለጣጭ የብረት ሐዲድና በጎማ መያዣዎች ይገኛል። አንድ ረጅም ብሎን ሐዲዱን አልፎ አግዳሚውን ከነካ ንዝረቱ በዚያ ስለሚያልፍ የመለየቱ ጥቅም በዚያ ቦታ ይቀራል። ሁለት ድርብ ቦርድ ክብደት ስለሚጨምር ድምፅን ይበልጥ ያፍናል፤ ነገር ግን ተጨማሪ 13 ወይም 16 ሚሜ ቁመት ይወስዳል።

ከንጣፍ ኮርኒስ ጋር ሲነጻጸር

ሌላው የተለመደ አማራጭ በብረት መረብ ላይ የሚቀመጡ ተነቃይ ንጣፎች ያሉት ኮርኒስ ነው። ንጣፉ በእጅ ተነስቶ ቧንቧው ወይም ገመዱ ስለሚታይ ለጥገና ይመቻል፤ ውኃ የነካው ንጣፍም ለብቻው ይቀየራል። ንጣፉን አዘንብሎ ለማስገባት ግን ከአግዳሚዎቹ በታች 76 ሚሜ ገደማ ክፍተት ያስፈልጋል። ጂፕሰም ኮርኒስ አነስተኛ ቁመት ይወስዳል፤ ከላይኛው የቤቱ ክፍል ጋር የሚመሳሰል ገጽታም ይሰጣል። አንዳንድ ባለቤቶች ሁለቱን ያጣምራሉ፦ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በጂፕሰም፣ ቧንቧ የሚበዛበትን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በንጣፍ ይሠራሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞች ኮርኒስ ቀደም ሲል በአቡጀዲ፣ በኋላም በእንጨት ሞራሌ ላይ በሚመታ ቺፑድ ይሠራ ነበር፤ ሁለተኛው አሁንም የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ጂፕሰም ቦርድ በአዳዲስ አፓርትማዎችና ቢሮዎች ውስጥ በስፋት ይታያል። እዚያ ግን ቦርዱ የሚንጠለጠለው ከኮንክሪት ሶለታ በመሆኑ፣ የእንጨት አግዳሚ ጠረባም ሆነ የኮቴ ንዝረት እንደ ሰሜን አሜሪካው ዋና ጉዳይ አይደሉም። ኮርኒሱ ዝቅ የሚደረገው በአብዛኛው ለጌጥ፣ በደረጃ ቅርጽ ለተደበቀ መብራትና የኤሌክትሪክ ገመድ ለመሸፈን ነው። የጂፕሰም አለት በአባይ ሸለቆ፣ በጎሐ ጽዮን አካባቢ ይገኛል።

በሁለቱም አገሮች የማይለወጡት ደንቦች ተመሳሳይ ናቸው። መስመሩ ከወለል ሳይሆን ከውኃ ልክ ወይም ከሌዘር ይወሰዳል፤ የገመድ መገጣጠሚያና የውኃ መዝጊያ ያለ በር አይሸፈንም፤ ቦርዱም የሚሰቀለው የሚያፈሰው ሁሉ ከተጠገነ በኋላ ነው።